የቄስ ዱባለ ግዝት

«እማዬ፣ አባ እጃቸውን ያነሱት ዲሪርሳን ከግዝቱ ሊፈቱት ነው?»

ኤቢሴ ስለ ታላቅ ወንድሟ ይህን የጠየቀችው እናቷን ወርቅቱን ነው። በጎረቤታቸው በሳሊሃ ቤት፣ ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ነበር። ልጅቷ ገና ትንሽ ናት። ቄስ እጁን ካነሳ ወይ ሊባርክ ነው ወይ ከግዝት ሊፈታ ነው፤ ሌላ ምክንያት አታውቅም።

ቄስ ዱባለ እዚያው ሰበታ ያደጉ፣ የእነ ወርቅቱ የንስሐ አባት ናቸው። እሷንና ባሏን መገርሳን ያጋቡ፣ ልጆቻቸውንም ያጠመቁ እሳቸው ናቸው። በምርጫው ዓመት ለተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ሲፈለግ፣ ገበሬውም ከተሜውም የሚያከብራቸው ሰው ሆኑና ተመረጡ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ እዚያ የምቀመጠው የእናንተን ነገር ልናገር ነው» ሲሉ ሴቶቹ እልል አሉ። ወርቅቱም እልል አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መገርሳ ፊቱን አጨፈገገ።

«ቄስ መቅደሱን ትቶ ፓርላማ ሲገባ ደስ አይለኝም።»

«አንተ ደግሞ! የኛ ሰው እዚያ ቢኖር ምን ይጎዳሃል?»

«እዚያ ገብቶ የኛ እንደሆነ የቀረ ሰው አላየሁማ።»

ብዙም ሳይቆይ የማስተር ፕላኑ ወሬ እንደገና ተነሳ። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ዕቅድ ሊገቡ ነው ተባለ። መገርሳ የእርሻውን ግማሽ ቀድሞ ለፋብሪካ ለቅቋል፤ የቀረችው አንዲት የጤፍ ማሳ ናት። ተማሪዎቹ ለተቃውሞ ሲወጡ ልጁ ዲሪርሳም ከሳሊሃ ልጅ ከሰልማን ጋር ወጣ። ዕቅዱ ቀርቷል ከተባለም በኋላ ነገሩ አልበረደም። ቡራዩ ልጆች ታፈሱ፣ ሱሉልታ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር ወርቅቱ ዲሪርሳ መምጣቱን ልታይ ደጅ ትወጣለች። ሽማግሌዎቹ ቄስ ዱባለን «ምን ተናገሩልን?» ሲሏቸው፣ «ተራ አልደረሰኝም» አሉ። ሌላ ጊዜ ሲጠየቁም ያው ተራው አልደረሰም።

በሚቀጥለው መስከረም ማብቂያ፣ በእሬቻ በዓል ሰው አለቀ የሚለው ወሬ ሰበታ ደረሰ። ወርቅቱ በማግስቱ ጠዋት ቄስ ዱባለ ቤት ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ልጄን ይገዝቱልኝ፣ አባ። ከግቢ እንዳይወጣ።»

«ግዝት እኮ ጨዋታ አይደለም፣ ወርቅቱ። አንዴ ካሰርኩት ከእኔ በቀር የሚፈታው የለም።»

«ይሁን። እኔ የምፈራው ጥይቱን ነው።»

ተከትለዋት መጡ። ዲሪርሳ ከተቀመጠበት ተነስቶ መስቀል ተሳለመ፤ ነገሩ ሲገባው ግን ከንፈሩ በፈገግታ ጠመመ።

«አባ፣ የሚገዝቱኝ እንደ ቄስ ነው ወይስ እንደ ፓርላማ አባል?»

«አፍህን ያዝ!» አለች ወርቅቱ።

ቄስ ዱባለ አልተቆጡም። «ለነፍስህ ቄስህ ነኝ» አሉት። «እኔ እስክፈታህ ድረስ ከዚህ አጥር እንዳትወጣ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሃለሁ።»

በዚያ ቤት ግዝት ተጥሶ አያውቅም። ግዝት የጣሰን ሰው ሬሳውን መሬት አትቀበለውም እያለች ልጆቿን ያሳደገች ራሷ ወርቅቱ ናት።

ሰልማን በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ዲሪ፣ ኮቱ! ና ውጣ እንጂ!» ሲለው ዲሪርሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ተገዝቻለሁ።»

«ወይ ጣጣ! ሙስሊም መሆኔ ዛሬ ጠቀመኝ በለኛ!» አለ ሰልማን፤ ሁለቱም ሳቁ።

በዚያው ሰሞን ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። ዲሪርሳ በርሜል ላይ ወጥቶ ጭሱን ከሩቅ አየ፤ እግሩ ግን ከግቢው አልወጣም። ወርቅቱ ጉልበቷ መሬት እስኪነካ ሰገደች። ልጇ ተረፈ ብላ ነበር።

ከዚያ፣ ምክር ቤቱ ገና ሳያጸድቀው፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ወጣት የሆነ ሁሉ ከየቤቱ ይለቀም ጀመር፤ ለተቃውሞ ወጣም አልወጣም የሚጠይቅ አልነበረም። ሰልማን ተጂ ከተማ ያለ አጎቱ ዘንድ ሊሸሽ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ መጣ።

«አብረኸው ሂድ!» አለች ወርቅቱ።

«ግዝቱስ?»

«ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን!»

«እማዬ፣ እንደዚያ እንደማይሆን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አባ ይፍቱኝ፤ አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ሮጠች። የቄሱ ሚስት ሸዋነሽ በር ላይ አገኘቻት። «ለምክር ቤቱ ስብሰባ አዲስ አበባ ገብተዋል። ስልካቸውም ዝግ ነው» አለቻት። ስትመለስ ሰልማን ሄዷል። ሳሊሃ ከደጇ ሆና ተጣራች።

«ወርቅቱ፣ ነይ! ቄስሽ በቴሌቪዥን እየታዩ ነው!»

ኤቢሴን እየጎተተች ገባች። በዚያ ሁሉ ሱፍ ለባሽ መሃል የቄስ ዱባለ ነጭ ጥምጥም ወዲያው ይለያል። «አሁን ይነሳሉ፤ ይናገሩልናል» አለች ወርቅቱ በልቧ። አልተነሱም። አዋጁን የሚደግፉ ሲባል፣ መስቀሉን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

ኤቢሴ ያን ጊዜ ነው የጠየቀችው። ከምስሉ በታች ጽሑፍ ያልፋል። ወርቅቱ ፊደል የጀመረችው በጎልማሶች ትምህርት ቤት ነውና «አ... ዋ... ጁ...» እያለች ስትከተል ጽሑፉ አመለጣት። የቀረውን ሳሊሃ አነበበችላት፤ «አዋጁ ጸደቀ ይላል።»

ከቤት የመገርሳ ጩኸት የተሰማው ብዙ ሳይቆይ ነው። የታጠቁት ሰዎች ግቢ ገብተው ዲሪርሳን «ውጣ!» ይሉታል።

«ተገዝቻለሁ፤ ከአጥሩ አልወጣም» አለ።

አንደኛው ሳቀ። ለሁለት ብብቱን ይዘው አንጠልጥለው አወጡት። ወርቅቱ ስትደርስ እግሩ መሬት አይነካም ነበር። መኪናው ላይ ሲወረውሩት ዞሮ አያት።

ቄስ ዱባለ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ፖሊስ ጣቢያ ጠይቀው፣ ወደ ካምፕ ተወስዷል እንዳሏቸው ነገሯት።

«የትኛው ካምፕ?»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«አባ፣ ለምን እጅዎን አነሱ?»

«ሁሉም አነሳ እኮ። የእኔ አንድ እጅ ምን ይለውጥ ነበር?»

«እኔስ ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ አይደለም?»

ቄስ ዱባለ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «ባለበት ይፈታ» ብለው መስቀሉን ወደ በሩ፣ ማንም ወዳልቆመበት አነሱ። ከዚያ ለመሳለም ወደ እሷ ዘረጉት። ወርቅቱ ሁለት እጇን በነጠላዋ ውስጥ እንደያዘች ቆመች። መስቀሉ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ።

ከወራት በኋላ አዋጁ ተነሳ፤ ከካምፕ የተፈቱ ልጆች በየመኪናው መጡ። ወርቅቱ እያንዳንዱን መኪና አስፋልቱ ዳር ቆማ ጠበቀች። ከልጆቹ ዲሪርሳን አየሁ የሚል አልተገኘም።

ሰልማን ከተጂም አልፎ ሄደ፤ በስልክ ድምፁን ለእናቱ ያሰማል። ቄስ ዱባለ ከነቤተሰባቸው አዲስ አበባ፣ ምክር ቤቱ በሰጣቸው ቤት ገቡ። ከአጥሩ አልወጣም ያለው ዲሪርሳ ግን እንደተወሰደ ቀረ። ከቤተሰቡ ሰበታ የቀሩት መገርሳ፣ ኤቢሴና ወርቅቱ ናቸው።