የውሰት ቅዝቃዜ

በዚያ ዳገት መንገድ ላይ አምስት መድኃኒት ቤቶች አሉ። አምስት ማቀዝቀዣ፣ አምስት ማኅተም፣ አምስት ነጭ ጋዋን። ቴርሞሜትር ግን አንድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመልካም ሐሳብ ነበር። በየማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር ይኑር የሚለው መመሪያ እንደ ወጣ አምስቱ ባለቤቶች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ለመግዛት ተስማሙ። ገዝቶ የተገኘው ግን የላይኛው ብቻ ሆነ። ተቆጣጣሪ ሁልጊዜ ከላይ ጀምሮ ስለሚወርድ፣ ቴርሞሜትሩ በፎጣ ተጠቅልሎ በጓሮ በር ይወጣና ቀድሞት ይወርዳል። በትንሽ የግሊሰሪን ጠርሙስ ውስጥ የተነከረ ነው፤ ጠርሙሱም ቅዝቃዜን እንደ ቂም ይይዛል። የላይኛው ቤት ጄኔሬተር ስላለው ማቀዝቀዣው በእርግጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ በደረሰበት ሁሉ አምስት ዲግሪ ያሳያል። ተቆጣጣሪው በሩን ከፈት፣ ዐይኑን ጣል፣ ብዕሩን ጫር አድርጎ ያልፋል። እንዲህ ሆኖ አምስቱ መድኃኒት ቤቶች ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ማቀዝቀዣ ብርድ ፈተናቸውን አለፉ።

በላይኛው ደጃፍ መኪና ይቆማል፤ በታችኛው ደጃፍ ምርኩዝ ይደገፋል። ከታችኛው የሚገዙት ዳገቱን ለመውጣት ጉልበት ያነሳቸው ናቸው። የዚህ ቤት ፋርማሲስት የማቀዝቀዣውን የላላ የበር ጎማ በቁስል ፕላስተር ለጥፎታል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እጁን ወደ ውስጥ ይሰድና "ይቀዘቅዛል" ይላል፤ እጁም ተቃውሞት አያውቅም።

ያን ዕለት ጠዋት የልብስ ሰፊው ሚስት የባሏን ኢንሱሊን ልትወስድ መጥታ መስኮቱን ተደግፋለች።

"ዶክተር፣ ይህ ሰውዬ ሳይሞት ሊገድለኝ ነው።"

"ስኳራቸው አሁንም አልወረደም እትዬ?"

"እንዴት ብሎ ይወርዳል? ይልሳላ! ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጄ እወጋዋለሁ፤ ሐኪሙም መጠኑን ሁለቴ ጨመረለት። ስኳሩ ግን እንደ ኑሮ ነው፤ ወደ ላይ ብቻ። የሚደብቅበትን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። የስፌት መኪናውን እንኳ ፈትቼ አየሁት።"

"ምን ተገኘ?"

"ቁልፍና የተሰበረ መርፌ።" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ትናንት ክር ማስገባት አቃተው። ዐይኑ እየሄደ ነው ዶክተር። ልብስ ሰፊ ያለ ዐይን ምኑን ሰፊ ይባላል? ልጆቹ ፊት 'አልላስኩም' ብሎ ማለ። ውሸታም አልኩት። እነሱም እንደ እኔው እንደ ውሸታም አዩት።"

"ያለፈው ወር እኔም መክሬያቸው ነበር" አለ ፋርማሲስቱ። "ጋሼ፣ ምላስዎን ይግዙ ብያቸዋለሁ።"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ተቆጣጣሪዋ ገባች። ወጣት ናት፤ ትከሻዋ ላይ ከባድ ቦርሳ፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ። ከታች ጀምራ ትመጣለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። የመድኃኒቶቹን ማብቂያ ጊዜ አንድ በአንድ እያነበበች ሳለ፣ ፋርማሲስቱ ስልኩን አንሥቶ "መጥታለች" አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ብዙም ሳይቆይ የላይኛው ቤት የጽዳት ሠራተኛ እያለከለከች በጓሮ በር ደረሰች። ፎጣው ተፈታ። ጠርሙሱ ገባ።

ተቆጣጣሪዋ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። አምስት ዲግሪ። ፋርማሲስቱ ፈገግ አለ። እሷ ግን በሩን መልሳ ዘጋችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አለፍን አይደል?"

"እንጠብቃለን። መመሪያው በሩ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ይላል።"

"እስካሁን የመጡት እኮ ጠብቀው አያውቁም።"

"እነሱ ቸኩለው ይሆናል። እኔ ዛሬ ሌላ ጉዳይ የለኝም። እስከዚያው የሙቀት መዝገቡን ያሳዩኝ።"

መዝገቡ ንጹሕ ነበር። ጠዋት አምስት፣ ማታ አምስት፤ በየቀኑ፣ በአንድ ብዕር፣ እስከ ሠላሳ።

"ዛሬ ዐሥራ ስምንት ነው" አለች። "የሚመጣው ሐሙስም አምስት ነው?"

"እሱ... እቅዳችን ነው።"

ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ቴርሞሜትሩ በበሩ መስታወት በኩል ሲታይ ዘጠኝ አለ። በሃያኛው ዐሥራ ሰባት። ይህን ጊዜ የጓሮው በር ተከፈተና የአራተኛው መድኃኒት ቤት ባለቤት አንገቱን አሰገገ።

"ኧረ ወንድሜ ላከው እንጂ! አሁን እኛ ጋ ልትገባ..."

ተቆጣጣሪዋን አየና ቃሉን ዋጠው።

"ምኑን ይላኩልዎ?" አለችው።

"መጥረጊያውን።"

"ይቀመጡ። መጥረጊያውን ይዘን አብረን እንሄዳለን።"

ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። ሃያ ሁለት ዲግሪ፤ ገናም አልቆመም። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ ነበር፤ ብዙ እንደሚሠራ ሰው ያለ ዕረፍት ያጉረመርማል።

የልብስ ሰፊው ሚስት ከመስኮቱ ወደ ውስጥ ተንጠራራች። "ምንድን ነው ይኼ ቁጥር?"

"ኢንሱሊን ከስምንት ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም እናቴ። ለወራት እንዲህ ሲሞቅ የከረመ ከሆነ ሞቷል" አለች ተቆጣጣሪዋ።

"እና እኔ የምወጋው ምን ነበር?"

ተቆጣጣሪዋ ፋርማሲስቱን አየችው። መልሱን ለእሱ ተወችለት።

"ከውሃ የማይሻል" አለ በመጨረሻ።

ተቆጣጣሪዋ ማቀዝቀዣውን አሸገች። ከዚያ ትእዛዝ ጻፈች፤ የላይኛው መድኃኒት ቤት ለታችኛው ቤት ደንበኞች ኢንሱሊኑን በዚያው ዋጋ፣ በበረዶ ሣጥን፣ እዚህ ድረስ ያወርዳል። "ዳገቱን በሽተኛ አይወጣም፤ መድኃኒቱ ይወርዳል" አለች።

"እንዲህ የሚል አንቀጽ አለ?" አለ የአራተኛው።

"ዐሥራ አራተኛው። ከቴርሞሜትሩ ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ነው።" ወደ ሴትዮዋ ዞረች። "እናቴ፣ አዲሱን ከመውጋትዎ በፊት ዛሬውኑ ባለቤትዎን ሐኪም ይያቸው። መጠኑ የተጨመረው ለሞተው መድኃኒት ነው፤ ሕያው የሆነው በዚያ መጠን ሊጥላቸው ይችላል።"

"እሺ። ወረቀትም ስጪኝ።"

"የምን ወረቀት?"

"ሰውዬው ስኳር አልላሰም የሚል።"

"እኔ የምጽፈው ስለ ማቀዝቀዣ ነው። ስለ ባል የሚሞላ ቅጽ የለኝም።"

ሴትዮዋ ዐይኗን ወደ ፋርማሲስቱ መለሰች። "አንተስ ትጽፋለህ?" አለችው።

የአራተኛው ባለቤት ወደ ጆሮው ተጠጋ። "እንዳትሞክራት! በእጅህ የጻፍከው ነገ ፍርድ ቤት ይቀድምሃል። መብራት ነው በል። መብራት የማይችለው ነገር የለም።"

ፋርማሲስቱ ወረቀት ሳበ። የመጀመሪያውን "በኤሌክትሪክ መቆራረጥ ምክንያት" ብሎ ጀመረና ቀደደው። ሁለተኛው ላይ ሦስት መስመር ጻፈ፤ ስሙን ጻፈ፤ ማኅተሙን አሳረፈ። ተቆጣጣሪዋ አንብባ ለራሷ ቅጂ እንደምትወስድ ነገረችው። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አልተቀበለችውም።

"አንተው አንብብለት። እኔ አፌ አይከፈትም።"

ጋዋኑን አውልቆ ተከተላት። የልብስ ሰፊው ቤት ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ሦስተኛው በር ነበር። ሽማግሌው መኪናው ላይ አጎንብሶ የጨርቁን ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ ነበር። ፋርማሲስቱ እንደ ቆመ አነበበ፦

"እኚህ ሰው አልዋሹም። መድኃኒቱ በእኔ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተበላሽቶ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሚስቱ በሩን እንደያዘች መሬት መሬት ታያለች። ልብስ ሰፊው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

"ቆይ" አለ። "ልጆቹ ይምጡና ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብበው።"