አምስቱ ቦርዶች

«የፖስታ ዕቃ ነው። ባለቤትየዋ ራሳቸው ይፈርሙ» አለ መልእክተኛው በሩ ላይ ቆሞ።

«የለችም» አለ ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

ለልቅሶ የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ሴት ልጁ ከማድቤት ብቅ አለችና መልእክተኛውን ወደ ውጭ ወስዳ በለሆሳስ ነገረችው። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ተመለሰ። «ነፍስ ይማር፣ አባባ። አላወቅሁም» ብሎ እስክሪብቶውን ዘረጋ። ሹፌሩ ግን እጆቹን ከጉልበቶቹ መሀል አላወጣም። በአገጩ ወደ ልጁ ጠቆመ፤ እሷ ፈረመች።

ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀን ነበር። አውቶቡስ መንዳት ካቆመ ስድስት ዓመት ቢሆነውም ስሙ ሹፌሩ እንደሆነ ቀርቷል። ስሙን ያስለመደችው እሷ ነበረች።

«ምንድነው የመጣው?» አለች እህቱ።

«የእማዬ ቦርድ ነው፣ አክስቴ። ለጌም መጫወቻ የምትሠራው።»

እህቱ ከጎኗ ወደተቀመጠችው ጎረቤት ዘንበል አለች። «በስልሳ ሦስት ዓመቷ የልጅ ጨዋታ» ብላ አንሾካሾከች፤ ፈገግ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት።

ሟች ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር ስትጠግን ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ቤት መቀመጥ የቻለችው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከተዘጋ የጌም ቤት አንድ የሞተ ማሽን፣ ያንን ቆመው በመንጃ ዱላና በሚጫን ቁልፍ የሚጫወቱበትን፣ አስጭና መጣች። የውስጡ ቦርድ ተቃጥሎ ነበር። «ሌላ እሠራለታለሁ» አለች። ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ የእያንዳንዱ ቁልፍ መስመር ከሌላው ሳይነካካ በየት እንደሚያልፍ መሣል ተማረች። ሥዕሉን ለፋብሪካ ትልካለች፤ አረንጓዴው ቦርድ ተሠርቶ ሲመጣ ዕቃዎቹን ትበይድበታለች። እሱ ደግሞ ዱላውና ቁልፎቹ የሚገጠሙበትን የእንጨት ሣጥን ይቆርጣል። ወሬው ተሰማና ተጫዋቾች ከየቦታው እንዲህ ያለ መጫወቻ ሣጥን ያዝዟት ጀመር።

አንዱ ባለቀ ቁጥር የሚሞክሩት ሁለቱ ነበሩ። በጨዋታው ሁልጊዜ ትደበድበዋለች።

«ኢንጂነር፣ አንድ ቀን እንኳ አሸንፌ ልተኛ» ይላታል።

«ተኛ፤ በህልምህ ታሸንፋለህ።»

አምና ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አንዴ ሲጫን ማሽኑ ሦስቴ ይቆጥርበታል፤ ስክሪኑ ላይ «ርገጥ» ያለው ሰው ይዘላል። እሷ ልቧን ታማ መድኃኒት ላይ ነበረች። ሌላ ጭንቀት አልጨምርባትም ብሎ «ጌሙ ሰለቸኝ» አላት።

ቀና ብላ አየችውና «እሺ» አለች።

ከሰዓት በኋላ የድሮ የሥራ ባልደረባዋ መጣ። ከቅጥነቱ የተነሳ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሽቦ ነበር የሚለው። ተቀምጦ ሻዩን ከጠጣ በኋላ ፓኬቱን አይቶ መታገስ አቃተው። ልጅቷን አስፈቅዶ ከፈተው። መዳፍ የሚያህሉ አምስት ቦርዶች ወጡ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዱን ዓይኑ ሥር አስጠጋው።

«እንጃ» አለ። «እሷ እንዲህ አትሳሳትም ነበር።»

«ምን ሆነ?» አለች ልጅቷ።

«በየቁልፉ መስመር ላይ ንክኪ ለሚያረግበው ካፓሲተር ቦታ አድርጋለች። ያ ደግ ነው፤ ሁሉም ያደርጋል። ግን እዚህ የጻፈችው መጠን በጣም ትልቅ ነው። ቁልፉ አንዴ ከተነካ በኋላ ቶሎ የሚመጣውን ሁለተኛ ንክኪ ይውጠዋል። ተጫዋች ደግሞ ፍጥነት ነው የሚፈልገው። ይሄን ማን አዘዛት?»

ልጅቷ ከእናቷ ጠረጴዛ ላይ ማኅደር አመጣች። የቦርዱ ሥዕል ነበረበት፤ ከሥሩ የሣጥኑ ክዳን ልክ፤ በክዳኑ ላይ በእርሳስ የተነደፈ እጅ።

ሹፌሩ እጁን አወቀው።

ከሁለት ወር በፊት፣ ቁርስ እንደበሉ፣ ወረቀት ዘርግታ «እጅህን እዚህ አድርግ» ብላው ነበር።

«ለምን?»

«ጓንት ልገዛልህ።»

እንዳይንቀጠቀጥበት ባለ በሌለ ኃይሉ ወረቀቱ ላይ ተጫነ፤ ጀርባው በላብ ራሰ። እሷ አልቸኮለችም። እርሳሷን በየጣቱ ዙሪያ ቀስ አድርጋ እየነዳች ስለ ጎረቤት ድመት አወራችው። ጓንቱ ሳይመጣ ሲቀር ረስታው ነው አለ።

ወረቀቱን ስቦ አየ። የአውራ ጣቱ መስመር ቀጥ ያለ ነው። ትንሿ ጣት ጋ ሲደርስ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል።

«አልተሳሳተችም» አለ። «የእኔ ነው።»

እጆቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አሳረፋቸው። ሲንቀጠቀጡ ሁሉም አየ። እህቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ደበቅኳት ብዬ ነበር እኮ» አለ። «ዓመት ሙሉ።»

«አባዬ፣ ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለእሷ ትነግሪብኛለሽ ብዬ ነዋ።»

ሽቦ ሳቁ አመለጠውና አፍሮ አቀረቀረ። ከዚያ የሟችን መበየጃ ሰክቶ ሥራ ጀመረ። ልጅቷ ከመሳቢያዎቹ የሚጠራላትን ዕቃ እየፈለገች ታቀብለዋለች። ሲጨርስ ገመዶቹን አሮጌ ሣጥን ላይ ካሉት ቁልፎችና ከጌሙ ስክሪን ጋር አያያዘና ሣጥኑን ሹፌሩ ጉልበት ላይ አስቀመጠለት።

ሹፌሩ አንዱን ቁልፍ ተጫነ። ጣቱ እንዳመሉ ተርገፈገፈ፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ግን አንዴ ብቻ ዘለለ። ሌላውን ተጫነ። አንዴ ረገጠ።

እህቱ ወንበሯን አስጠጋች። «አሸነፍክ?»

«ገና ነኝ። ያዘዝኩትን ግን ሰምቷል።»

ሽቦ መነጽሩን እየጠረገ የቀሩትን አራት ቦርዶች አየ። «ፋብሪካው ከአምስት በታች አይሠራም። እነዚህን ምን እናድርጋቸው?»

ሹፌሩ አንዱን አንስቶ የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተና ኪሱን ሊቆልፍ ጀመረ። ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ሳተ። ልጁ ልታግዘው እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችውና ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እስኪቆልፍ ድረስ ጠበቀችው።