የራስጌው ቀዳዳ

«እሱንም ድፈኑት፤ ያንን በራስጌዬ በኩል ያለውን» አለች ብዙወርቅ፣ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሳትነሳ።

ከእድር የመጡት ሴቶች አዲሱን ቤት እየዞሩ ነበር። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ድመት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። አየር እንዲገባና እንዲወጣ ብሎ ያስበሳው ሟቹ ባሏ አሻግሬ ነው። ሴቶቹ ግን ያዩት ብርዱን ብቻ ነው። ሐዘንተኛ እንዴት በንፋስ መሀል ትቀመጣለች ብለው አሮጌ አንሶላ እየቀደዱ፣ የሲሚንቶ ከረጢት እየጠቀለሉ ይወትፋሉ። አንዷ ደግ ሴት ወንበር ላይ ቆማ «ይሄማ የጎን ውጋት ነው የሚያተርፋት» ትላለች።

ለቅሶው የተቀመጠው እዚሁ፣ አቃቂ ባለው፣ ገና ቀለም ባልነካው ቤት ነው። እስካሁን የኖሩበት የሳሪሱ ኪራይ ቤት ግቢው ጠባብ ስለሆነ ድንኳን አያስተክልም። አሻግሬ ልቡ ከድቶት በድንገት ሞተ፤ ሊገባበት ሲጣደፍ ከነበረው ቤትም አስከሬኑ ወጣ። ብዙወርቅ ከቀብሩ ወዲህ ማልቀስ አቅቷታል። ምክንያቱን ራሷ ታውቀዋለች፤ ቀንታ ነው። የባል መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ መቅናት ያሳፍራል፤ ያውም ከሞተች ብዙ ዘመን በሆናት ሴት።

አሻግሬ ከእሷ በፊት ልዕልት የምትባል ሚስት ነበረችው። አቃቂ በሰቃ በአንዲት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር። አንድ ክረምት እሱ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ገብቶ ሳለ፣ ልዕልት ከሰል እንደተያያዘ ተኛች፤ አልነቃችም። ብዙወርቅ ይህን የሰማችው ከጎረቤት ነው። ከባሏ አንድ ቃል ሰምታ አታውቅም። እሱ ሌሊት እየተነሳ መስኮት ይከፍታል። እሷ ትዘጋለች፤ እሱ ተነስቶ ይከፍታል። «ሳል ገደለኝ እኮ» ስትለው «አየር ያስፈልጋል» ይላል እንጂ ሌላ አይጨምርም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በዚያ መስኮት የምትገባው ማን እንደሆነች እያሰበች ትብሰለሰላለች።

አዲሱ ቤት ሲጀመር ቅናቷ ባሰ። እሷ የፈለገችው ቡፌዋን የምታስደግፍበት አንድ ሙሉ ግድግዳ ነበር። አሻግሬ ጠመኔውን ይዞ መጥቶ እዚያው ግድግዳ ላይ ክብ ሠራ።

«አየሩ የሚወጣው በዚህ ነው» አላት።

«ቡፌውስ?»

«ቡፌው ሌላ ቦታ ይቆማል።»

«መስኮት አይበቃም? ሰው ሁሉ የሚኖረው በመስኮት አይደለም እንዴ?»

«መስኮት ሰው ይዘጋዋል» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ቀጥሎ ሂት ፓምፕ የሚባለውን አመጣ፤ ከውጪው አየር ላይ ሙቀት እየሳበ ቤቱንም የመታጠቢያውንም ውሃ የሚያሞቅ ማሽን ነው። በዚህ ቤት ከሰል አይገባም አለ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገጣጣሚውን ሁንዴን ይዞ፣ ከዚህ ብናቆመው ይሻላል፣ ከዚያ ብናቆመው ይሻላል እያለ ግቢውን ሲዞር ይውላል። ብዙወርቅ በሆዷ «ለሟች ቤት እየሠራላት ነው» አለች። ቀዳዳዎቹን ባየች ቁጥር ጣውንቷ ከየግድግዳው የምታያት ይመስላት ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ሲወትፉ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ሁንዴ ለለቅሶ መጣ። ንፍሮውን በመዳፉ እንደያዘ ጥግ ላይ ቆየና ተጠግቷት በርከክ አለ።

«እትዬ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የማሽኑ መቆሚያ ኮንክሪት የሚሞላው ነገ ነው፤ ሠራተኞቹ ከሄዱ መልሼ አላገኛቸውም። ከኩሽናው ጀርባ ይሁን ከመኝታ ቤቱ?»

«እሱ የት ይሁን አለ?»

«አልወሰኑም። ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ቢሆን ክፍሉ ቶሎ ይሞቃል፤ ግን ድምፅ አለው። ‹ብዙወርቅን ሳልጠይቅ አላስቆምም› ብለውኝ ነበር።»

«ግድግዳ ሲያስበሳ ያልጠየቀኝ ሰው አሁን ሊጠይቀኝ ኖሯል?» አለች ብዙወርቅ። «ማሽኑን ውሰደው። ቀዳዳዎቹንም በሲሚንቶ ድፈንልኝ።»

ሁንዴ ቀና ብሎ በጨርቅ የተወተፈውን ግድግዳ አየ። «ኧረ እትዬ፣ ይሄ ቤት እኮ...»

«ቤቱ የኔ ነው። ድፈን አልኩህ፣ ድፈን።»

ከሐዘንተኛ ጋር ክርክር አይገባም። ሁንዴ «እሺ፣ ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

አመሻሹ ላይ ዝናብ ጣለ። ድንኳኑ ሲያፈስ ወንዶቹ ሳሎን ገቡ፤ ሴቶቹ ብዙወርቅን ይዘው መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። አንዷ የተቀጣጠለ የከሰል ማንደጃ አምጥታ መሀል አስቀመጠች። ብዙወርቅ አየች፤ አውጡት አላለችም። እሱ እንዳይገባ ያለው ከሰል በራሱ መኝታ ቤት ሲነድ ስታይ የልቧ የደረሰ መሰላት።

አጠገቧ የተቀመጡት እትዬ አለሚቱ ናቸው፤ የእድሩ ሴቶች ሰብሳቢ፣ አቃቂ ገና እርሻ ሳለ እዚሁ የተወለዱ አሮጊት። ሹክሹክታው ሞቅ ብሎ ቆይቶ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። አንዷ ራሴን አመመኝ አለች። ሌላዋ «እኔንም ይዞኛል፣ ለቅሶ ነው» አለቻት። የብዙወርቅም ግንባር ይወቃል፤ እሷም ለቅሶ ነው ብላ ተወችው። እትዬ አለሚቱ ትከሻዋ ላይ ደገፍ አሉ። ነካ ነካ አደረገቻቸው፤ አልነቁም።

ያኔ ገባት። በሩን በርግዳ ከፈተች፤ ማንደጃውን በነጠላዋ ይዛ ዝናቡ ላይ ደፋችው። ተመልሳ አሮጊቷን ከብብታቸው ይዛ እየጎተተች «ውጡ፣ ከሰሉ ነው፣ ሁላችሁም ውጡ» አለች።

እትዬ አለሚቱ በረንዳው ላይ አስታወኩ። ነፍሳቸው መለስ ስትል ብዙወርቅ ጀርባቸውን እያሸች ነበር።

«ልዕልትም እንዲህ ሆና ነው» አሉ።

«አውቃለሁ። መስኮቱን ዘግታ ተኛች።»

«እሷ አይደለችም የዘጋችው።» አሮጊቷ አፋቸውን ጠረጉ። «እሱ ነው። ጉንፋን ይዟት ነበር። ፈረቃ ሊገባ ሲል ብርድ እንዳይመታት ብሎ መስኮቱን በላስቲክ አሸገው፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፈው። ከሰሉንም ያያያዘላት እሱ ነው። አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ፤ ያን ላስቲክ በጥርሱ ሲቀደው አይቻለሁ። ‹ለማንም አይንገሩብኝ› አለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያዝኩለት።»

 ቅናቱ አልለቀቃትም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። አሁን የቀናችው በኚህ አሮጊት ነው። ያን ሁሉ ዘመን አንድ አልጋ የተጋራችው እሷ፣ ምስጢሩን የያዙለት እሳቸው።

«ለምን ለኔ አልነገረኝም?»

«ምን ብሎ? ‹ሚስቴን በደግነቴ ገደልኳት፤ ነይ አንቺ ደግሞ አግቢኝ› ይበልሽ?»

አሻግሬ ሌሊት መስኮቱን ከከፈተ በኋላ ወዲያው አይተኛም ነበር። ጎንበስ ብሎ በላይዋ ጥቂት ይቆያል። ማኩረፏን የሚያይ እየመሰላት ትንፋሿን ትይዝ ነበር፤ እሱም እስክትተነፍስ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ስታስታውስ እምቢ ያለው ልቅሶ መጣ። ሴቶቹ ሊይዟት ሲነሱ እትዬ አለሚቱ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ተዉአት፣ ታልቅስ።»

ጠዋት ሁንዴ ሲሚንቶ አሸክሞ ሲመጣ ሴቶቹ ውታፉን ሁሉ ነቅለው ጨርሰዋል። ብዙወርቅ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። «ና» አለችው። ጎንበስ ብላ ዝናብ ካጠፋው ከሰል አንድ ፍንካች አነሳች፤ በመኝታ ቤቱ ጀርባ ዞራ፣ አልጋው በሚቆምበት ትክክል ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሠራች።

«እዚህ።»

«እትዬ፣ እዚህ ከሆነ ራስጌዎ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይሰማዎታል።»

«ይሰማኝ» አለች ብዙወርቅ። «ከእንግዲህ ሌሊት የሚነሳልኝ ሰው የለም።»

ሁንዴ ሠራተኞቹን ሊጠራ ሄደ። ሰማዩ እንደገና ዳምኗል። ብዙወርቅ ዝናቡ እንዳያጥበው ብላ መስመሩን በከሰሉ ደግማ ደጋግማ አጠቆረችው።