የእማማ በር ስፋት

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ። ምላሴ ቢቆረጥ ደግሞ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ፤ ሦስት ሰፈር ሙሉ ቤት ሊሠራ የሚያስብ ሰው ከባንኩም ከሚስቱም በፊት የሚያማክረው እኔን ነውና። ሌላ ጊዜ ወሬዬን ትንሽ እለስነው ይሆናል፤ አልክድም። ይህን ግን ያለ ልስን፣ ያለ ቀለም፣ ብሎኬቱ እንደታየ ነው የማቀርበው።

ሰው «ኢንጂነር» ይለኛል። ወረቀቱ የለኝም፤ ወረቀቱ ያላቸው ናቸው ተደብቀው መጥተው የሚጠይቁኝ። ሠላሳ ዓመት የመኖሪያ ቤት ፕላን ነድፌአለሁ። የነደፍኳቸው ቤቶች ተሰልፈው ቢቆሙ የሰልፉን መጨረሻ ለማየት መኪና ያስፈልጋችኋል፤ ነዳጅም ሙሉ። ሜትር ይዤ አላውቅም። ዓይኔ ሜትር ነው። አንድ ክፍል ገብቼ አንዴ ዞር ካልኩ የወለሉን ስፋት፣ የጣሪያውን ከፍታና የባለቤቱን የደም ግፊት እነግራችኋለሁ። አንዱ መጸዳጃ ቤቱን ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ሊያስገባ ሲል «እንግዳህ ጎርሶ ነው ወይስ አፍንጫውን ይዞ የሚጫወተው?» ብዬ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ድረስ ሲያገኘኝ ከመኪናው ወርዶ ነው የሚጨብጠኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንድ ጠዋት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ቢሮዬ መጡ። ቤታቸውን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የነደፍኩላቸው እኔ ነበርኩ። ያኔ ሳሎኑ ላይ ባለ ሁለት ተካፋች በር ሳወጣላቸው፣ «ኢንጂነር፣ አውቶቡሴን ሳሎን ላሳድራት ነው እንዴ?» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ነበር። የዘመኑ ፋሽን እንዲያ ነበር፤ ፋሽኑን ያመጣሁት ደግሞ እኔ። እንግዳ የሚገባበት በር እንደ አውራ ጎዳና፣ ባለቤቶቹ የሚተኙበት ክፍል በር እንደ መርፌ ቀዳዳ። የኋላውን መኝታ ቤት በር ሰባ ሳንቲ ሜትር ላይ ስዘጋው «አልጠበበም ወይ?» ቢሉኝ፣ «ማን ያየዋል ጋሼ?» አልኳቸው።

አሁን ያ ተይዞ የሚሳቅበት ሆድ የለም። ሸሚዙ ብቻውን የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆነው ቆባቸውን በጣታቸው እያዞሩ ተናገሩ።

«ባለቤቴ መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀች። ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። ስምንት ወሯ ነው። ዊልቸር ገዛንላት፤ የመኝታ ቤቱን በር አላልፍም አለ። ሐኪም ቤት ስትሄድ እኔና የልጃችን ባል በብርድ ልብስ ተሸክመን እናወጣታለን። ወገቤ አልቻለም፣ ልጄ። እሷ ደግሞ…» ቆባቸው መዞሩን አቆመ። «እሷ ደግሞ ጭራሽ መውጣት ተወች። በሩን አስፋልኝ።»

እኔ መቼ በበር አበቃለሁ! መታጠቢያ ቤቱን ላዙር፣ ወለሉን አንስቼ እንደገና ላንጥፍ፣ በረንዳውን በመስታወት ልዝጋው፣ ቤቱን ሰው አገር አቋርጦ የሚጎበኘው ላድርገው አልኩ።

«በሩን ብቻ» አሉ።

በማግስቱ አናጢዬን ይዤ ሄድኩ። ምስማር ነው የምንለው፤ ቀጭንም ስለሆነ፣ ካልመቱት ድምፅ ስለማያወጣም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ የተናገረው ሁሉ ቢጻፍ አንድ የሲሚንቶ ከረጢት አይሞላም። ደግ ነው፣ እጁም ወርቅ ነው፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ከአባቱ ተማርኩ ይላል።

እማማ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ጠበቁን። ልብስ ሰፊ ነበሩ። በእግር የሚሠራው የስፌት መኪናቸው ጥግ ላይ አንሶላ ለብሶ ቆሟል። ከአልጋው ፊት ለፊት መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ባሻገር የጎረቤት ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው ባሻገር የሚታይ ነገር የለም። መስኮቱን እዚያ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ፕላኑ ላይ ቆንጆ ነበር።

«ግድግዳው ስንት ብሎኬት እንዳለው ልንገርህ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «መቶ አርባ ሁለት። አንዱ ተሰንጥቋል። ከሥር ሦስተኛው።»

ምን ይባላል? እኔ ግን የሚባል አላጣም። «አይዞዎት እማማ፣ ዝሆን የሚያልፍበት በር ነው የማወጣልዎት!»

«እንዲህ ከስቼ ሳለሁ ዝሆን አልከኝ?»

ምስማር እንኳ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ሁለት እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ አንስተው አሳዩኝ። የጣቶቻቸው ጫፍ በመርፌ ብዛት ደንድኗል።

«የሞተው እግሬ ነው፤ እነዚህ አልሞቱም» አሉ። «እንደ ፍራሽ ሲያወጡኝ የልጄ ባል ፊቱን ያዞራል፣ ባሌ ያለቅሳል፣ እኔ ሁለቱን ሳባብል ከሐኪሙ ደክሜ እመለሳለሁ። እንዲገፉኝም አልፈልግም። ጎማውን በራሴ እጅ አሽከርክሬ፣ ከዚህ እስከ በረንዳው፣ ማንም ሳይነካኝ። አንድ ቀን እንኳ ትሁን። ሌላ አልጠየቅሁም።»

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወደ ኮሪደሩ ዞሩ።

እኔ ከመቃኑ ፊት ቆምኩ፤ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዊልቸሩ ስልሳ ስድስት። «ሰባ ስምንት ይበቃዋል» አልኩ።

እማማ ከትራሳቸው ሥር የስፌት ሜትራቸውን መዘዙ። «እንካ፣ ለካበት።»

«ለእኔ? እማማ፣ ለዓሣ ዋና ሊያስተምሩ ነው?»

«ዓሣውስ በመረብ ይያዝ የለ? እኔ አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ፣ ልጄ። የሰው ደረት ዘጠና ነው ብዬ ልብሱን ዘጠና አልቆርጠውም። መተንፈሻ እተውለታለሁ።»

«በር አይተነፍስማ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ ልላችሁ ነበር፤ ብቻ እኔ ሳቅሁ። ምስማር ቀና ብሎ አየኝ፣ ሜትሩን ከእማማ እጅ ሊቀበል እጁን ሰደድ አደረገ፣ «ተወው፣ ጊዜ አትፍጅ» ስለው መለሰው።

በሳምንቱ መቃኑም በሩም ደርሶ ተገጠመ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ደረጃም በሲሚንቶ ተዳፋት አድርገናታል፤ ያቺ ተዳፋት ውኃ ብታፈሱባት ውኃው አመስግኗት ነው የሚወርደው። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጥቷል፤ አራት መቶ ሰው ይሆናል፣ ኮሪደሩ እንዴት እንደቻላቸው አላውቅም። እማማ ራሳቸው የሰፉትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ሽቶ ቀባቻቸው። «ለሎሚዋ ነው?» ብላ ስትቀልድ፣ «ስምንት ወር ጠብቃኛለች፣ ምን ሆነሽ ነው» አሏት። በረንዳው ሥር የተከሏት የሎሚ ዛፍ አለቻቸው።

ጎማውን ጨበጡ። ገፉ።

ዓይኔ አልተሳሳተም፤ ይህን መዝግቡልኝ። ወንበሩ ያልፋል! ያላለፈው እጃቸው ነው። ሰው ጎማ ሲያሽከረክር እጁ ከወንበሩ ወደ ጎን ይተርፋል፤ በር ሲከፈት ደግሞ ውፍረቱ እዚያው ክፍተቱ ውስጥ ይቆማል። ከሰባ ስምንቱ አምስቱን በሩ ራሱ በላው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ እኔም አውቃለሁ፤ ምስማር ነው ሊያስታውሰኝ የሚገባው። እናንተም በር ስታሠሩ ከመቃን እስከ መቃን አስለክታችሁ አትደሰቱ። በሩን ክፈቱትና የቀረውን ለኩ። በቀረው ላይ የሁለት እጅ ስፋት ጨምሩ። ዛሬ እግር ያለው ሁሉ ነገም እግር ያለው ይመስለዋል።

የጣቶቻቸው አንጓ በሁለቱም በኩል ተላጠ። ወደ ኋላ ተመለሱና እንደገና ገፉ። እንደገና ተላጠ። አዲሱ ቫርኒሽ ላይ የደም መስመር ወጣ። በሦስተኛው መሃል ላይ ቀሩ፤ ወደፊትም ወደኋላም አይደለም።

ጋሼ ተጠጉ። «እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊና እኔ ልግፋሽ፣ የኔ እመቤት። ያልፋል እኮ።»

«አይ» አሉ እማማ። ድምፃቸው አልተቆጣም። «ወደ ኋላ መልሰኝ።»

እዚህ ላይ ሌላ ባለሙያ ቢሆን «ነገ ጠዋት መጥተን እናስተካክለዋለን» ብሎ ውልቅ ይል ነበር። ያውም ውጭ መኪና እየጠበቀኝ! ባለ ክብ ደረጃ ቪላ የሚያሠራ ነጋዴ ሹፌሩን ሲልክብኝ ሦስተኛው ነበር፤ ጥሩምባው አሁንም አሁንም ይጮሃል። ወጥቼ፣ «ለጌታህ ንገረው፤ ደረጃው ይጠብቃል፣ እማማ አይጠብቁም!» አልኩት። ሹፌሩ አፍሮ መኪናውን ሳያስነሳ በእጁ እየገፋ የሄደ መሰለኝ።

ከዚያ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። መዶሻና መሮ ይዤ ያን ግድግዳ እንደ ዳቦ ቆረስኩት። አቧራው ሰማዩን ጋረደው፤ ማዶ ሰፈር ሊዘንብ ነው ብለው ልብስ አስገቡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፍተቱ ዘጠና አምስት ሆነ፤ በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አዙሬ፣ ከግድግዳው ጋር ልጥፍ እንዲል አድርጌ ሰቀልኩት። ምስማር ውኃ እያቀበለ ረዳኝ።

እማማ ወጡ። እጃቸው በጨርቅ እንደታሰረ፣ ቀስ እያሉ፣ ጎማውን አንዴ ገፋ፣ ያዝ፣ አንዴ ገፋ፣ ያዝ። ማንም አልነካቸውም። ጋሼ ከኋላቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይከተላሉ፣ እንዳይነኳቸው ደግሞ ይሰበስቧቸዋል። በረንዳው ላይ ደረሱ። አንድ የሎሚ ቅጠል ቆረጡ፣ በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። እስኪመሽ እዚያው ቆዩ። የወጣኝ እንባ በርሜል ይሞላ ነበር፤ አናጢም፣ ጎረቤትም፣ ግድግዳውም አልቅሷል።

በሦስተኛው ሳምንት እማማ በእንቅልፋቸው አረፉ። በየቀኑ ሲወጡ ሰንብተው ነው ያረፉት። ጋሼ እጄን ይዘው፣ «ያቺን ሦስት ሳምንት የሰጠሃት አንተ ነህ» አሉኝ። ብዙ ሽልማት አግኝቻለሁ፤ እንደዚህች ቃል ግን የለም። ቤታችሁን ለማስተካከል ስታስቡ ይህን አስታውሱና ወደ እኔ ኑ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለምስማር አነበብኩለት። ምሳ ሰዓት ነበር፤ አዲስ ሥራ ላይ ነን። እሱ የጣውላ ክምር ላይ ተቀምጦ መሮውን ይስላል። እስከ መጨረሻው አላቋረጠኝም፤ መቼስ አቋርጦኝ አያውቅም።

«እ? እንዴት ነው?» አልኩት።

የመሮውን ስለት በአውራ ጣቱ ሞከረ።

«ኢንጂነር» አለ፣ «እማማ እኮ አልወጡም።»

«የት አልወጡም?»

«በረንዳው። ‹ነገ ጠዋት› ብለናቸው የነጋዴው መኪና ውስጥ ገባን። እኔም ገብቻለሁ፤ አንተን ብቻ አልልም። ደረጃው ስድስት ሳምንት ፈጀ። ስንመለስ ግቢው በለቀስተኛ ወንበር ተሞልቷል።»

የብሎኬት ጭነት የያዘ መኪና ገብቶ እስኪያልፍ ጠበቅን።

«በሩ ግን ዘጠና አምስት ነው» አልኩ። «ሂድና ለካው። ዋሸሁ?»

«ነው። ከቀብሩ በኋላ ነው ያሰፋነው፤ ጋሼ ለምነውን። ‹ጋሼ፣ አሁን ለማን?› ስትላቸው፣ ‹ይሰፋልሻል ብዬ ነግሬያት ነበር› አሉ። አንተ መዶሻውን አንስተህ ቆምክ፣ ቆምክ፣ ከዚያ ሰጠኸኝ።» መሮውን በጨርቅ ጠቀለለው። «ስንጨርስ ጋሼ ባዶውን ወንበር ገፍተው በሩን አሳለፉት። በረንዳው ላይ አቆሙትና፣ አጠገቡ ትንሽ ቆይተው፣ ወደ ቤት ገቡ።»