የሰርክ አፍ

አምሃ አሜሪካ ውስጥ ከበርባንክ ኤርፖርት በመኪናው ሰው ሲያመላልስ ይውልና፣ ሐሙስ ሐሙስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከአንድ የቅመም መደብር ጀርባ ባለችው ክፍሉ የሰው መልክ ይሥላል። አንድ ሐሙስ እትዬ ሙሉዬ የእህታቸውን ልጅ ሮሐን አስከትለው መጡ።

«የእህቴን የሰርክን መልክ እንድትሥልልኝ ነው» አሉት።

«ፎቶ ይዘዋል?»

«ፎቶ ቢኖር ወዳንተ ምን አመጣኝ? ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ሄደ። ስትሞት ይቺ ጡት እንኳ አልጣለችም፤ የእናቷን መልክ አታውቀውም።»

አምሃ «አይቻልም» ሊል አፉን ሲከፍት ሳይላስ ሃርድዊክ ትዝ አለው። ተማሪ ሳለ ሕይወቱን ያጠናው የጥንት አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። የሠረገላ ቀቢ ልጅ ሲሆን ቀለሙን አዝሎ ከመንደር መንደር እየዞረ፣ ለእራትና ለማደሪያ የገበሬውንም የዳኛውንም መልክ ይሥል ነበር። ኋላ ፎቶግራፍ መጣና ገበያውን ወሰደበት። የቀሩለት ደንበኞች፣ ዘመዳቸው ፎቶ ሳይነሳ የሞተባቸው ሰዎች ብቻ ሆኑ። ሃርድዊክ የሟቹን ወንድም ወይም እህት ፊቱ አስቀምጦ፣ ቤተሰቡን እየጠየቀ ይሥል ጀመር። በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ ያልሣላትን ሚስቱንም በመጨረሻ በልጃቸው ፊት ላይ ፈልጎ ሣላት።

ይህን ሲነግራቸው ሮሐ ሳቀች። «ሶ፣ እኔ ልቀመጥ?»

ተቀመጠች። እትዬ ሙሉዬ ከአምሃ ጎን ቆመው ማረም ያዙ።

«ግንባሯ ሰፋ ይላል። ቅንድቧን አሳሳው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስታፏጭ አባታችን ይዟት...»

«እናቴ ታፏጭ ነበር?» አለች ሮሐ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሮሐ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን በየሐሙሱ መጠየቅ ሆነ ሥራዋ።

ሥዕሉ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። እትዬ ሙሉዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ገለጡ። «አፏ ጠፋኝ» አሉ። «የገዛ እህቴ አፍ!»

አምሃ ብሩሹን አስቀመጠ። «ስትናደድ ምን ትልዎት ነበር?»

«እስቲ ተዪኝ፣ ሙሉ!» አሉ፣ የእህታቸውን ድምፅ አስመስለው፤ የታች ከንፈራቸው በአንድ ወገን ተጣመመ።

«እንደዚያው ይቆዩ» አለ አምሃና ብሩሹን አነሳ።

ሥዕሉ ያለቀ ዕለት እትዬ ሙሉዬ ቆመው አዩት፣ አዩት። «ቁርጥ እሷ አይደለችም» አሉ በመጨረሻ። «መንገድ ላይ ባገኛት ግን ዞሬ አያታለሁ።»

ሮሐ ሥዕሉን በነጠላ ጠቀለለችው። ከበሩ ሳይወጡ፣ በማን ቤት ይሰቀል በሚለው ይከራከሩ ጀመር።