ለሚጣ የተሠሩ አበቦች

ሙዚየሙ ድሮ የክር ፋብሪካ ነበር። እታለም ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ሠርታለች። ፋብሪካው ተዘግቶ ለዓመታት የሌሊት ወፍ ሲፈነጭበት ከኖረ በኋላ ግድግዳው ተቀብቶ፣ ማሽኖቹ ተወልውለው፣ በሩ ላይ ቲኬት መቁረጫ ተከፍቶለት «ሙዚየም» ሲባል፣ ከድሮ ሠራተኞች መካከል ሰው ፊት ቆሞ ማውራት የማያስፈራው እሷን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዚያው አስጎብኚ ሆና ቀረች። የመዝገብ ስሟን ማንም አይጠራውም። ታናሽ እህቷ በስልክ «እታለም» ስትላት የሰማች አንዲት ባልደረባ እሱኑ ጀመረች፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ፤ በዕድሜ የሚበልጣት የበር ጥበቃ እንኳ ሳይቀር።

ጎብኚ ማለት ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው እንደሆነ የገባት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ጥጡ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ስታስረዳ አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላዋ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ልጆቹ መከለያውን ገመድ ይዘው ዥዋዥዌ ይጫወታሉ። አንድ ቀን በጥጥ ማበጠሪያው ማሽን ፊት ቆማ ሳለ፣ ሳታስበው «ይህ ማሽን የአንዲት ልጅ እጅ በልቷል» አለች።

ስልኮቹ ወረዱ። ልጆቹ ገመዱን ለቀቁ።

«ልጅቷስ እንዴት ሆነች?» አለች አንዲት እናት።

መልሱ ቀላል ነበር። ልጅቷ የራሷ ታናሽ እህት ናት። ቀኝ እጇ ከአንጓው በላይ ተቆርጦ ነፍሷ ተርፋለች፤ አግብታ፣ ወልዳ፣ ለወግ ለማዕረግ በቅታ፣ ዛሬ የልጅ ልጆቿን እያጫወተች ብዙ ከማይርቅ ሰፈር ትኖራለች። ነገር ግን ያ ሁሉ ዓይን እታለም ላይ ነበር፤ በሕይወቷ እንደዚያ ተደምጣ አታውቅም።

«ሞተች» አለች።

እናትየዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ ልጇን በትከሻው ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ በየጉብኝቱ ትሞት ጀመር። ደግሞ ሞቷ ከጉብኝት ጉብኝት እያማረበት ሄደ። መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ ነበር የምትሞተው፤ በኋላ «እናቴን አደራ» እያለች መሞት ጀመረች። ጎብኚዎች ወደ ቤታቸው ሄደው ለጎረቤት ያወራሉ፤ ጎረቤት ይመጣና «ያቺ ልጅ የሞተችበት የቱ ነው?» ይላል። እታለምን አንዳንዴ ይከነክናታል። «ማንን ጎዳሁ? ሚጣ እንደሆነች እዚህ ድርሽ አትልም» ብላ ራሷን ታባብላለች።

ሚጣ ማለት ያቺው እህቷ ናት። የልጅ ልጆች አይታም ሚጣ ከመባል አላመለጠችም። እጇን ካጣች ወዲህ የፋብሪካውን አጥር አይታ አታውቅም፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ታክሲ እንኳ አትሳፈርም ነበር።

የሙዚየሙ ኃላፊ ሐሳብ የማያልቅበት፣ ሁልጊዜ የሚሮጥ ሰው ነው። የሙዚየም ቀን ሲደርስ ሠራተኛውን ሰበሰበና ቤተሰብ ሁሉ ከነልጆቹ የሚመጣበት ትልቅ ዝግጅት እንደሚኖር ተናገረ። ሜዳው ላይ ልጆች ጨርቅ ቀለም ይነክራሉ፣ በእንዝርት ክር ይፈትላሉ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከክር ቁርጥራጭ አበባ ይሠራሉ። ጉብኝቱ ሲያልቅ አበባውን ማሽኑ ሥር ያስቀምጣሉ።

«ለዚያች ምስኪን ልጅ መታሰቢያ» አለ።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እታለምም አጨበጨበች። እጇ ሲጋጭ ድምፁ የራሷ አልመስል አላት።

በዕለቱ ግቢው በሰው ተጥለቀለቀ። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ ፊቱን እንደ ድመት የተቀባ ሕፃን ፊኛው አምልጦት ያለቅሳል። እታለም ሁለት ዙር አስጎብኝታ ውሃ ልትጎነጭ በር አካባቢ ስትደርስ ሚጣን አየቻት። ከምራቷና ከሁለቱ የልጅ ልጆቿ ጋር ቆማለች። የሹራቧ የቀኝ እጅጌ እንደወትሮው ጫፉ ተሰፍቶ ተዘግቷል።

«ሰርፕራይዝ!» አለች ምራቲቱ እየሳቀች። «ስንት ዓመት ለምኜ እምቢ ያሉኝ፣ ዛሬ ራሳቸው ተነሡ እንሂድ አሉን!»

«እነዚህ ናቸው» አለች ሚጣ ልጆቹን በአገጯ እያመለከተች። «አያቴ ሙዚየም ውስጥ ነበረች ሲሉ አገር ሰማ። ደግሞስ እስከ መቼ ከብረት ጋር ተኳርፌ እኖራለሁ?»

«ጉልበትሽስ? ደረጃ አለው እኮ» አለች እታለም። «ውስጡ ደግሞ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ግቢው ይሻልሻል፤ ነይ፣ እዚያ ጥላ ሥር ቁጭ በይ፣ ሻይ ላምጣልሽ።»

«ሻይ ቤቴ ጠፍቶ ነው? ማሽኑን ላየው ነው የመጣሁት። ዛሬ ልቤ ጠንክሯል፤ ነገ ይከዳኝ ይሆናል።»

እታለም «መጣሁ» ብላ በሰው መካከል እየተጋፋች ኃላፊውን ፍለጋ ሮጠች። ከድምፅ ማጉያ ገመድ ጋር ሲታገል አገኘችው።

«ዛሬ ያቺን ልጅ ብንተዋትስ?»

«የቷን ልጅ?»

«የማሽኗን።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። «እታለም ደግሞ! ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ አበባ እየሠሩ አይደል እንዴ? ዛሬ ደግሞ የምናገረው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ትንሽ ይረፉ፣ ደክሞዎታል።»

«እሷ እኮ…»

«እ?»

ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ጠራው። ኃላፊው እጁን አንሥቶ «አንድ ደቂቃ» አላትና ሄደ። ክንዱን ይዛ ልታስቆመው ትችል ነበር። እጇ ተነሣ፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው።

ስትመለስ ሚጣና ልጆቹ የአበባው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ትልቋ የልጅ ልጅ ቀይ ክር ጠቅልላ መካከሉ ላይ ቢጫ ቁልፍ ሰፍታለች፤ ምላሷን አውጥታ የመጨረሻውን ቋጠሮ ታጠብቃለች።

«ለማን ነው እንዲህ የሚያምረው?» አለች ሚጣ።

«ለሞተችው ልጅ።»

«የትኛዋ?»

«ማሽን የገደላት» አለች ልጅቷ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን እንደመናገር።

ሚጣ ወደ እታለም ዞረች። ፊቷ ደንግጧል። «ከኔ በኋላ ደግሞ የሞተ አለ እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?»

ያኔም ጊዜ ነበራት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ወደ ጥግ ወስዳ፣ እግሯ ላይ ወድቃ፣ የፈለገችውን ያህል ተሰድባ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። እታለም ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«አዎ፤ በኋላ ነው» አለች። «እንዳትረበሺ ብዬ ነው።»

«ወይኔ፣ የሰው ልጅ! እናቷስ በሕይወት አለች? እስቲ ለኔም አንድ ስጡኝ» ብላ ሚጣ ከጠረጴዛው ላይ ነጭ አበባ አነሣች።

የማሽኑ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሕፃናቱ አበባቸውን ይዘው ፊት ተደርድረዋል፤ ወላጆች ከኋላ። ሚጣ መግቢያው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ማሽኑ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል፤ በእሷ ጊዜ የዘይትና የአቧራ ክምር ነበር። ቀስ ብላ ሄዳ ግራ እጇን መከለያው ገመድ ላይ አሳረፈች። እታለም ከጀርባዋ ሆና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ረጋ ሲል አየች። ሚጣ ዞር ብላ ፈገግ አለችላት።

«እንዲህ ትንሽ ነበር እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

ኃላፊው ማይክራፎኑን ነፋ ነፋ አድርጎ ጀመረ። ታሪኩን ከእታለም ሰምቶ በቃሉ ይዞታል፤ እሷ የምታሳርፍበት ቦታ ላይ ያሳርፋል፣ ድምፁን ዝቅ የምታደርግበት ላይ ዝቅ ያደርጋል። ልጅቷ ገና ለጋ እንደነበረች፣ ሹሩባዋን ከታላቅ እህቷ ቀሚስ በተቀደደ ቢጫ ጨርቅ እንዳሰረች፣ የታፈነ ጥጥ ልታወጣ እጇን እንደላከች ተናገረ።

ቢጫው ጨርቅ ሲጠራ የሚጣ ጀርባ ደረቀ። የዚያን ጨርቅ ነገር ከእህቷ በቀር ለኃላፊው ሊነግረው የሚችል ሰው በምድር ላይ የለም።

«እዚሁ፣ አሁን በቆማችሁበት ቦታ ወደቀች» አለ ኃላፊው። «የመጨረሻ ቃሏ 'እናቴን አደራ' የሚል ነበር። ብትኖር ኖሮ ዛሬ ከመካከላችን እንዳሉት እናቶች ልጆቿን አስከትላ በመጣች ነበር።»

አንዲት ሴት አፍንጫዋን ጠረገች። ሚጣ ዞራ እህቷን አየቻት። ንዴት አልነበረም፤ ንዴት ቢሆን እታለም ታውቅበታለች። ሰው በማያውቀው ቤት በር አንኳኩቶ ሲቆም የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነበር። ከዚያ ወደ ኃላፊው ተመለሰች።

«የት ተቀበረች?» አለች።

«ይቅርታ?»

«ልጅቷ። የት ነው የተቀበረችው?»

ኃላፊው ግራ ተጋብቶ በእጁ የያዘውን ወረቀት አየ፤ ወረቀቱ ላይ የለም። «እሱን እንኳ እታለም ያውቃሉ። በጊዜው እዚሁ ነበሩ» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እታለም ዞረ። ያ የወደደችው ዓይን ሁሉ እንደገና እሷ ላይ ሆነ።

«የኔንም አያት እጇን ማሽን ነው የበላት» አለች ትልቋ የሚጣ የልጅ ልጅ። «ግን አልሞተችም። ይኸው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ዋጠው። ዓይኖች ወደተሰፋው እጅጌ ወረዱ፤ ከእጅጌው ወደ እታለም ወጡ። ኃላፊው ማይክራፎኑን ከአፉ አራቀ። ምራቲቱ ልጇን ጎትታ «ዝም በይ» አለቻት፤ ልጅቷ ግን ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን ታያታለች። ፊት የተደረደሩት ሕፃናት ደግሞ ምንም አልገባቸውም፤ አንዷ መቆም ሰለቻትና ሄዳ አበባዋን ማሽኑ ሥር ጣል አደረገች። የቀሩት ተከተሏት። ማንም የሚያስቆማቸው አልነበረም። ሚጣ ክምሩ እግሯ ሥር ከፍ እስኪል ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እህቷ ተራምዳ ነጩን አበባ እጇ ውስጥ አስጨበጠቻት።

«አንቺው አስቀምጪላት» አለችና ወጣች።

እታለም የደረሰችባት ከግቢው በስተጀርባ፣ የቀለም ባልዲዎች በተደረደሩበት ነው።

«ሚጣ፣ ስሚኝ…»

«ስንት ጊዜ ገደልሽኝ?»

እታለም ዓይኗን ወደ ቀለም ባልዲዎቹ መለሰች።

«የእጄንስ ንገሪያቸው፤ የደረሰ ነገር ነው። ሌላውን ምን አስጨመረሽ?»

«ሲሰሙኝ… ሰው ሲሰማኝ ደስ አለኝ» አለች እታለም። «ተረፈች ስላቸው 'ተመስገን' ብለው ወደሚቀጥለው ማሽን ይሄዳሉ፤ ያልፉሻል።»

«ይለፉኝ!» አለች ሚጣ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸችው። «በግራ እጄ መጻፍ እንደ ሕፃን እንደገና ተምሬያለሁ። በጉልበቴና በጥርሴ ይዤ የሽንት ጨርቅ አስሬያለሁ። ይኼ ሁሉ ወሬ አይሞላም? መሞቴ ነው የሚያምርብኝ?»

ምራቲቱ ልጆቹን ይዛ ስትመጣ ሚጣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና «እንሂድ» አለች።

በማግሥቱ ኃላፊው እታለምን ቢሮው ጠራት። ሌሊቱን ተናዶ ያደረ ይመስላል፤ ሲናገር ግን ዓይኑ ውስጥ ያ የሐሳብ መብራት በርቷል።

«ያሳፈሩኝን ልተወው» አለ። «ግን እኮ እኚያ ሴት በሕይወት አሉ! በአካል መጥተው ቢናገሩስ? ሰው እንዴት እንደሚጎርፍ አስበውታል?»

«አይሆንም» አለች እታለም።

«እስቲ ይጠይቋቸው ብቻ…»

«አልጠይቃትም። ከፈለጉ እኔን ያሰናብቱኝ።»

አላሰናበታትም። ለብዙ ቀን ግን ሰላምታውን ከአንገት በላይ አደረገው።

በሳምንቱ መጨረሻ ሚጣ ቤት ሄደች። በሩ ተከፈተላት። ሚጣ «ግቢ» አለቻት፤ ወንበር አቀረበችላት፣ ሻይ አስቀዳችላት፣ ስኳሩ ስንት እንደሆነ ጠየቀቻት። ስኳር ስንት ነው! ከእናታቸው ቤት ጀምሮ በአንድ ኩባያ ለጠጡት። እታለም በእንግዳ ወንበር ላይ በእንግዳ አቀማመጥ ተቀምጣ ሻዩን እስከ አተላው ጠጣች።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የጥፍር መቁረጫ አወጣች። የአንድ እጅ ሰው የራሱን ጥፍር መቁረጥ አይችልም። ሚጣ ከሆስፒታል ከወጣችበት ጊዜ አንሥቶ የቆረጠችላት እታለም ናት፤ ለባሏም ሆነ ለልጇ እጇን ሰጥታ አታውቅም። «እናንተ ሥጋዬን ትቆርጣላችሁ» ትላቸው ነበር።

ሚጣ መቁረጫውን አየችው። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጥፍሮቹ ተቆርጠዋል፤ የሌባ ጣቷ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ምራቴ ቆርጣልኛለች» አለች። «ትንሽ አደማችኝ እንጂ ደህና ናት፤ ትለምደዋለች።»

እታለም መቁረጫውን መልሳ ከተተች። በመጨረሻ እታለም «ማሽኑ ጋ ስደርስ ምን ልበላቸው?» አለች።

«ስለ ጥጡ ንገሪያቸው።»

ስለ ጥጡ ትነግራቸዋለች። ስልካቸውን ያያሉ፣ ልጆቻቸው ገመዱን ያወዛውዛሉ። ድሮ የሰማ አንዳንድ ሰው «እዚህ የሞተች ልጅ ነበረች አይደል?» ሲላት፣ «አልሞተችም፤ ውሸቴን ነበር» ትላለች። ሰውየው ቅር ይለዋል፤ እሷም «በዚህ በኩል» ብላ ትቀጥላለች። በየሳምንቱ መጨረሻ ሚጣ ቤት መሄዷን አልተወችም፤ ሚጣም በሩን ትከፍትላታለች፣ ሻይ ታስቀዳላታለች፣ ስለ ልጆቹ ያወራሉ። ጥፍሯን የምትቆርጥላት ግን እስካሁን ምራቷ ናት።