ለማጉረስ ዘጠነኛ ክፍል

ሸድሊያ እሜት ቤያን ማስታመም ከጀመረች ሰባት ዓመት አልፏታል። የአሮጊቷ ግማሽ አካል አይታዘዝም፤ ምላሳቸው ግን እንደ ቃሪያ ይለበልባል። በቱኒዚያዋ የወደብ ከተማ በቢዘርት ከእሳቸው አፍ ያመለጠ ጎረቤት የለም። ሸድሊያ ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፤ እሳቸው ይሰድቧታል፣ እሷም ዝም አትልም። እንዲህ ተግባብተው ይኖሩ ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሲል ሸድሊያን የቀጠራት የአስታማሚዎች ድርጅት ሠራተኞቹን ሰበሰበ። አዲስ ደንብ ወጥቷል ተባለ፤ ከእንግዲህ ሰልጥኖ የምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው በሽተኛ አይነካም። ለመሰልጠን ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል መጨረስ ግድ ነው። ሸድሊያ ያቋረጠችው ስድስተኛን ጨርሳ ነው። ስብሰባው ሲበተን ወጣቱን ኃላፊ ሙንሲፍን ጠጋ ብላ ጉዳይዋን ነገረችው።

“እትዬ ሸድሊያ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተማሪ” አላት። “የክፍሉን ነገር ኋላ እናየዋለን።”

አመነችው። የአሮጊቷ ልጅ ራውዳ ከሰዓት ከሰዓት ሱቋን እየዘጋች እናቷ ዘንድ ትቀመጥ ጀመር፤ ሸድሊያም ስልጠና ገባች። የሚለማመዱት ሰው በሚያህል የፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ነበር።

“ይቺ እኮ አትሳደብም” አለች ሸድሊያ። “እሷን ማስታመም ማን ያቅተዋል?” አጠገቧ የተቀመጠችው ኢብቲሃል የምትባል ልጅ እስክታለቅስ ሳቀች።

አንድ ቀን አስተማሪዋ ነርስ ስለ ማጉረስ አነሳች። “ግማሽ አካሉ የማይታዘዝ ሰው ተንጋሎ ከጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባው ይሄድበታል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። አገጩን ዝቅ ያድርግ።”

ሸድሊያ እሜት ቤያን ሁልጊዜ ትራስ ላይ አንጋላ ነበር የምታጎርሳቸው። በበሉ ቁጥር ያስላቸዋል፤ ባለፈው ክረምትም ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እርጅና ነው ብላ አልፋዋለች።

በማግስቱ አሮጊቷን ቀጥ አድርጋ አስቀምጣ ሾርባውን ሰጠቻቸው። አንዴም አላሳላቸውም። ከዚያ እውነቱን ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

“የሾርባሽ ጨው ይገድለኛል እያልኩ ስሰጋ፣ ለካ ትራሱ ኖሯል” አሉ እሜት ቤያ።

ከዚያ ወዲህ ሸድሊያ አንድ ቀን ሳትቀር ተማረች። የተግባር ፈተናውንም ነርሷ ፊት አለፈች። የምስክር ወረቀቱ በተሰጠበት ቀን ግን የሁሉም ስም ተጠርቶ የእሷ ቀረ።

“ስሜን ዘለላችሁት” አለችው ሙንሲፍን።

“ዘጠነኛ ክፍል ይጠየቃል ተብሎ ነበር እኮ፣ እትዬ።”

“ኋላ እናየዋለን አላልከኝም?”

“አየነው። አልሆነም።”

“ፈተናውን አልፌያለሁ። ነርሷን ጠይቃት።”

“ጎበዝ ናት ብላኛለች። እኔ ምን ላድርግ? የማታ ትምህርት ግቢና ዘጠነኛን ጨርሰሽ ነይ። እስከዚያ አብሳይ ብዬ ልመዝግብሽ። በሽተኛዋን ግን እንዳትነኪ፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ እኔም አልተርፍም።”

ሸድሊያ እስከ ቤቷ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ሄደች። ትምህርቱ የማይረባ ቢሆን ረግማው ትገላገል ነበር። ጥሩ መሆኑ ነው ያንገበገባት። አስተማሯትና እጇን አሰሩት።

እሜት ቤያ ቤት የተላከችው ኢብቲሃል ነበረች። ልጅቷ አፍራ ሸድሊያን ቀና ብላ ማየት አቃታት። በምሳ ሰዓት አሮጊቷ አፋቸውን ገጥመው እምቢ አሉ። ራውዳ ወደ ማድ ቤት መጣች።

“ዛሬን ብቻ አንቺ አጉርሻቸው።”

“እኔ አብሳይ ነኝ” አለች ሸድሊያ ድስቱን ሳትለቅ። “አብስያለሁ።”

ራውዳ ተመለሰች። ሾርባው ቀዘቀዘ። ኢብቲሃል ስትለምን፣ አሮጊቷ ሲያጉረመርሙ ይሰማል። ሸድሊያ እልኋ ሳይበርድላት ሾርባውን አሙቃ ይዛ ገባች፤ ሳህኑን ለልጅቷ ሰጥታ አልጋው ግርጌ ተቀመጠች።

“ይጉረሱ፣ እሜቴ።”

“ካንቺ እጅ ከሆነ።”

“የኔ እጅ ሲያስልዎት ነው የኖረው። ይቺ ገና ከጅምሩ ደህና አድርጋ ተምራለች።”

“እጇ ይንቀጠቀጣል።”

“እርስዎ እያፈጠጡባት የማን እጅ አይንቀጠቀጥም? አገጭዎን ዝቅ ያድርጉ።”

አሮጊቷ ልጅቷንም ሸድሊያንም ገላምጠው አፋቸውን ከፈቱ። ራውዳ “አላህ ይስጥሽ” አለቻት። ሸድሊያ ማድ ቤት ገብታ ንጹሑን ድስት እንደገና ፈተገችው።

ወሩ ሲለወጥ የማታ ትምህርት ተመዘገበች፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ከወደብ ሠራተኞችና ከታክሲ ነጂዎች ጋር። በመጀመሪያው የክፍልፋይ ፈተና ወደቀች። በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ ሙንሲፍ ቢሮ ሄደችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

“ይሄ ነገር ሰው ከማጉረስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አስረዳኝ።”

ሙንሲፍ ወረቀቱን አየና “እኔም አላውቅም፣ እትዬ” አለ።

አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የሚቀጥለው ትምህርት ማክሰኞ ነበር። እየተበሳጨች ትምህርት ቤት ሄደች።